ለሞተ እድርተኛ፣ ለቆመ ነጋዴ

"ሶሻሊዝም" የሚለውን ቃል ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሁለት ዓይነት ምላሽ ይጠብቀዋል። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ከሰማው ፊቱ ይጠቁራል። ትዝ የሚለው ቀበሌ፣ ኮታ፣ የራሽን ካርድ፣ የዳቦ ሰልፍ፣ ብሔራዊ ውትድርና፣ ከሁሉም በላይ ቀይ ሽብር ነው። ወጣት ከሰማው ደግሞ ይስቃል። ለእሱ ቃሉ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት ጫፍ ላይ እንደቀረው ቀይ ኮከብ ነው፤ በሥሩ የሚያልፈው ሁሉ ቀና ብሎ አያየውም።

በሁለቱም አይፈረድም። ነገር ግን ቃሉ ስለተበላሸ ጥያቄው አልጠፋም። ጥያቄው በአጭሩ ይኸው ነው፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ከሌሎቻችን የሚገባው ነገር አለ ወይስ የለም? ካለስ የሚያገኘው በቸርነታችን ነው ወይስ በመብቱ? "ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ" ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ያልነገረን ነገር ቢኖር ገንዘብ ለሌለው በምድርስ መንገድ አለው ወይ የሚለውን ነው።

በቅድሚያ ለገበያ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ደግ ነው። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ካርድ የገዛ ሰው፣ ዛሬ አንድ ትንሽ ሱቅ ገብቶ አምስት ዓይነት ሳሙና ተደርድሮ ሲያይ የተለወጠውን ነገር ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ገበያ ማንም ሳያዘው ጤፉን ከአደአ፣ ቡናውን ከጅማ፣ ጨውን ከአፋር አምጥቶ መርካቶ ያራግፋል። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ የት ምን እንደጎደለ፣ የትኛው ኮሚቴ ነው ይህን ያህል የሚያውቀው? ደርግ ራሱ በ1982 ዓ.ም. "ቅይጥ ኢኮኖሚ" ብሎ እጁን ሲሰጥ ያመነው ይህንኑ ነበር። ያለ ገበያ ከተማ ሊበላ አይችልም።

ግን የገበያ ጆሮ የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እሱም ብር ነው። ሺህ ብር የያዘ ሰው "ማኛ ጤፍ አማረኝ" ቢል በሹክሹክታም ቢሆን ይሰማል። ባዶ ኪስ የያዘ ሰው "ልጄ ሊሞትብኝ ነው" ብሎ ቢጮህ አይሰማም። ይህ የነጋዴው ክፋት አይደለም። ጆሮው የተሠራው እንደዚያ ነው።

ይህን በቃል ብቻ ማለት ይቀልላል፤ በአገራችን የደረሰውን እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. ወሎ ላይ ክረምቱ ከዳ። በ1965 በልጉ ተከተለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየቤታችን ሰምተናል። የተራበው ገበሬ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ለብዙ ዘመን "ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ" ተብሎ ተነገረን። በኋላ ላይ በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መረመረና ሌላ ነገር አገኘ። በዚያን ጊዜ በአገር ደረጃ የእህል ምርት የቀነሰው በመጠኑ ነበር። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ሰው በረሃብ ከሚያልቅበት አገር እህል እንዴት ይወጣል? ምስጢሩ ከባድ አይደለም። የወሎ ገበሬ ማሳው ሲደርቅ የጠፋው ምግቡ ብቻ አልነበረም፤ ገቢውም ነው። ከብቱን ሊሸጥ ገበያ ሲወጣ ጎረቤቱም ሁሉ ሊሸጥ ወጥቷልና በሬው ዋጋ አጣ። ያመረተም ቢሆን ጭሰኛ ከሆነ ለባለ መሬቱ የሚያካፍለው ነበረበት። ስለዚህ እህሉ ደሴ ላይ ተቆልሎ እሱ ኪሱ ባዶ ነው። ነጋዴው ምን አደረገ? ማንኛውም ነጋዴ የሚያደርገውን አደረገ፤ እህሉን ገዢ ወዳለበት ጫነ። ገዢው አዲስ አበባ ነበር።

እኔን ከረሃቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ለመጨረስ አንድም ወንጀለኛ ነጋዴ አላስፈለገም። ሚዛን ያጭበረበረ፣ እህል የደበቀ፣ አሸዋ የቀላቀለ አያስፈልግም። ሁሉም የገበያን ሕግ አክብሮ፣ በሐቅ ገዝቶ በሐቅ ሸጦ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ጸሎቱን አድርሶ ሊተኛ ይችላል፤ ጠዋት መንገዱ ዳር ሬሳ አለ። ኃጢአተኛ የሌለበት ጥፋት እንደ ማለት ነው። የካፒታሊዝም ድንበር እዚህ ጋ ነው የሚታየው። ሥርዓቱ ሲበላሽ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም ያወግዛል። የወሎው ግን ሥርዓቱ በደንብ እየሠራ የደረሰ ጉዳት ነው።

"ታዲያ መፍትሔው ሶሻሊዝም ነዋ!" የሚል አይጠፋም። በ1967 ዓ.ም. ብዙ የተማረ ሰው ያለው ይህንኑ ነው፤ በሞኝነት አልነበረም። ተማሪው በ1957 "መሬት ላራሹ" ብሎ አደባባይ የወጣው በምክንያት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛ የሚባል ነገር ቀረ። ያን ቀን በከተማ ውስጥ የፈሰሰውን ሕዝብ ያየ ሰው ደስታው የውሸት ነበር ሊል አይችልም። አዋጁ እስከ ዛሬ በክፉም በደግም ይነሳል እንጂ ጭሰኝነት ይመለስ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። "ሕዝቡ ሲራብ እናንተ ትበላላችሁ" ነበር መልእክቱ። እውነትም ነበር። ፊልሙን ያሳየው መንግሥት ልክ በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር አዲስ አበባን በቀይ ጨርቅና በመፈክር አስጌጠ። በዚያው ሰሞን ኮረም ላይ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ አደጋውን አሳውቆ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል ቡርክ የኮረምን ምስል ለዓለም ባያሳይ ኖሮ በዓሉ ያለ ሐፍረት ባለፈ ነበር።

የ77ቱን ረሃብ ገበያ አላመጣውም፤ ገበያማ ታስሮ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ይወስድ ነበር። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታ የሞላበት ጊዜ አለ። ትርፍ ካለበት አውራጃ ወደ ጎደለበት እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ በየኬላው ይያዛል። የአገሪቱ ገንዘብ ወደ ጦርነት ይፈስሳል። "ለጭቁኑ ቆሜያለሁ" ያለ መንግሥት ጭቁኑን በመቶ ሺዎች ቀበረ።

እንግዲህ አንዱ ረሃብ በጃንሆይ ዘመን፣ ገበያው ክፍት ሆኖ መጣ። ሌላው በሶሻሊዝም ስም፣ ገበያው ተዘግቶ መጣ። በሁለቱ መካከል ምን የሚመሳሰል ነገር አለ? በሁለቱም ጊዜ የተራበው ሰው አፍ አልነበረውም። በ1965 የወሎን ሰብል መጥፋት የሚናገር ወረቀት ተደብቋል። በ1977 የበዓሉ ጭብጨባ ሸፈነው። ሴን በኋላ በጻፋቸው ሥራዎቹ ነጻ ጋዜጣና በምርጫ የሚወርድ መንግሥት ባለበት አገር እንዲህ ያለ ታላቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ይላል። ራሱ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ያው ነጻ ጋዜጣ ያላት ሕንድ የዕለት ተዕለቱን ድካም፣ ጠግቦ አለማደርን፣ ማስቀረት አልቻለችም። ስለዚህ አፍ ያስፈልጋል፤ አፍ ብቻውን ግን አያበላም። ድምፅም መብትም አንድ ላይ ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

"ይህ ሁሉ ምኞት ነው፤ ሰው በባሕርዩ ለራሱ ነው" የሚለው መልስ ይታወቃል። ኧረ ቆይ! እስኪ የጡሩምባ ድምፅ ስንሰማ የምናደርገውን እናስብ።

እድር ውስጥ ባለ ፎቁም ሊስትሮውም በወር የሚከፍሉት እኩል ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ አንድ ነው፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ አንድ ነው። የደኸየው ሰው ሲሞት ድንኳን ተካዩ "ይኼኛው ስንት ይከፍላል?" ብሎ አይጠይቅም። ባለ ሀብቱ "ጨምሬ ልክፈልና ሁለት ድንኳን ይተከልልኝ" ቢል ዳኛው ይቆጣዋል። ማንም ይህን ሶሻሊዝም ብሎ አልጠራውም፤ ካድሬም አላስተማረውም። በጃንሆይ ጊዜ ነበረ፣ ደርግን አሳለፈ፣ ኢሕአዴግን አሳለፈ፣ ዛሬም አለ። የቀበሌ ሱቅ የት ደረሰ? የገበሬዎች አምራች ማኅበር የት ደረሰ? እድር ግን ቆሟል።

ለምን ቆመ? ሰው መልአክ ስለሆነ አይደለም። እድር የሰውን ስንፍና አሳምሮ ያውቃል፤ ለዚህ ነው ስም ጥሪና መቅጫ ያለው። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ በዓመት አንዴ ሒሳቡን በአባላት ፊት ይዘረግፋል፤ የጎደለ እንደሆነ ይወርዳል። ዳኛው የሚመረጠው በአባላት ነው፤ ከላይ የተላከ አይደለም። ደርግ ያጣው ይህን ነበር። የጋራ የተባለውን ሁሉ ከሕዝቡ ወስዶ ሕዝቡ ለማይጠይቀው ሰው ሰጠው። የጋራ ንብረት የሚጠይቅ ባለቤት ከሌለው የጋራ መሆኑ ይቀርና የሹም ንብረት ይሆናል።

ነገር ግን እድርን እያሞገስን ጉድለቱን መሸፈን ተገቢ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፣ የወር መዋጮ መክፈል ያልቻለ ሰው እድር የለውም። መንገድ ላይ ተኝቶ የሚያድረው ሰው ሲሞት ድንኳን የለም፤ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል፣ ያውም ሬሳውን ያገኘው እንደሆነ። እድር የእኛን ሰው እንጂ ሰውን ሁሉ አያውቅም። ሁለተኛው ይብሳል፤ እድር የሚመጣው ከሞትን በኋላ ነው። አንድ ጎረቤት ኩላሊቱ ታሞ ሁለት ዓመት ሲማቅቅ፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሲታከም፣ "ይጣርልህ" ብለን እናልፋለን። የሞተ ዕለት ግን መቶ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ለሞተው እድርተኛ ነን፤ ለቆመው ነጋዴ። ለቀብሩ ያወጣነውን ለመድኃኒቱ አውጥተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀብሩ ባልኖረ።

በርግጥ ዛሬ ብዙ እድሮች ይህን አይተው ለታመመ አባል የሚያበድሩ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚረዱ ሆነዋል። መልካም ነው። ግን የአንድ ሰፈር መዋጮ የኩላሊት እጥበት አይችልም። እዚህ ላይ ነው መንግሥት የሚያስፈልገው፤ ሰፈር የማይችለውን ለመቻል፣ መክፈል ያልቻለውንም ከድንኳኑ ሥር ለማስገባት። ለእኔ የሶሻሊዝም ጥያቄ ከዚህ አይበልጥም፤ እድሩን ማስፋት፣ ከቀብሩም በፊት ማምጣት።

"እስከ የት ድረስ? ሁሉንም ነገር እድር ልታደርጉት ነው?" ለሚል ጠያቂ መልሱን መርካቶ ራሷ ትሰጣለች። መርካቶ የሄደ ሰው የገዢ ትልቁ ጉልበት ምን እንደሆነ ያውቃል። "ይቅርብኝ" ብሎ መሄድ ነው። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ነጋዴው "ና፣ ና እስኪ፣ ስንት ትላለህ?" ብሎ ይጠራዋል። ገበያ ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህች በ"ይቅርብኝ" ጉልበት ነው። ጫማ ይቅርብኝ ይባላል፤ ስልክ ይቅርብኝ ይባላል፤ መኪናማ ለብዙዎቻችን ሳንጠየቅም ቀርቶብናል። ስለዚህ ጫማውም ስልኩም መኪናውም በገበያ ይደር፤ መንግሥት እጁን ይሰብስብ።

ግን ልጇ ትኩሳት የያዘባት እናት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆማ "ይቅርብኝ" ልትል ነው? የተራበ ሰው እህሉን፣ በዝናብ ሜዳ ላይ የወጣ ቤተሰብ ጣራውን "ይቅርብኝ" ይላል? መሄድ የማይችል ገዢ አይደራደርም፤ የተባለውን ይከፍላል፣ ወይም ያጣል። "ይቅርብኝ" የማይባልበት ቦታ የገበያ ድንበር ነው። እዚያ ላይ "ገበያው ይወስን" ማለት ያለው ይወስን ማለት ነው። እህል፣ ሕክምና፣ መጠለያ፣ የልጅ ትምህርት፣ ውሃ። ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፤ ሰው የሚባል ነገር የሚቆመው ግን በእነዚህ ላይ ነው።

የቤት ኪራይን እንይ። ተከራይ አከራዩ "ጨምር ወይም ልቀቅ" ሲለው ልጁን ከትምህርት ቤት ነቅሎ፣ ዕቃውን ጭኖ የት ሊሄድ ነው? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ያየ ይመስላል። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን ከድሮው መማር ያስፈልጋል። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ለድሃው ኪራይ ቀነሰለት፤ በመሐል ከተማ ብዙ ሺህ ችግረኛ ለአሥርት ዓመታት በትንሽ ብር እንዲኖር አደረገ። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ያ ትንሽ ኪራይ ጣራ እንኳ አላስጠገነም። ቤቱ በላያቸው ላይ አረጀ፤ አዲስ ቤት የሚሠራም ጠፋ። ዋጋን መቆጣጠር ቤት አይሠራም። ለሰው ጣራ መስጠት የሚፈልግ መንግሥት ቤት መሥራት፣ ወይም ለሚሠሩ ማኅበራት መሬቱን ማቅረብ አለበት። ከዚህ ያነሰው በሌላው ሰው ቤት ደግ መሆን ነው።

ሌላው የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል። አሠራሩ ቁርጥ እድር ነው። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ጤነኛው ለታመመው ይከፍላል። እድር ያልቻለውንም ይጨምራል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ማንም "ካፒታሊዝም ይውደም" ብሎ አልፎከረም። በጸጥታ የተሠራ ነገር ነው፤ ግን ከብዙ መፈክር ይበልጣል። ጉድለቱም እዚያው ይታያል። አባሉ መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ከተባለ፣ መዋጮውን ከፍሎ እንደገና "ይቅርብኝ" ወደማይባልበት መስኮት ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ጉድለት የሚያርመው ማን ነው? ሒሳቡን መጠየቅ የሚችል አባል ነው። ገንዘብ ያዡን የማይጠይቅ እድር አይቆምም ብለናል።

"የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም" ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሆድ ነው። ሆድ ያልቻለውን ሥርዓት እንዲችለው ነው ሰው ሕግ የሚያወጣው። የጠገበው ትዝ ቢለውም ባይለውም የተራበው ድርሻው እንዲደርሰው፤ ደግ ሰው እስኪያልፍ መንገድ ዳር እንዳይጠብቅ። ቸርነትና መብት የሚለያዩት በዚህ ነው። ቸርነት የሰጪው ነው፤ ዛሬ ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ነገ ሲከፋው ይተዋል። መብት የተቀባዩ ነው፤ ቀና ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቃሉን የሚጠላ ቃሉን ይተወው። ከፈለገ እድር ይበለው፣ ከፈለገ መድን ይበለው፣ ከፈለገም ሌላ ስም ያውጣለት። ያለ ገበያ መኖርን በ77 አይተነዋል፤ በገበያ ብቻ መኖርንም በ65 አይተነዋል። ሁለቱንም በሬሳ ከፍለንበታል፤ ሦስተኛ ክፍያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጡሩምባው ሳይነፋ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ስም ጠርቶ ማን እንደቀረ ማየት ነው።